ሳንቲም መሰብሰብ፦ ከመግዛት በፊት ማንበብ

በአሮጌ ሣጥን ጥግ አንድ የጠቆረ ሳንቲም ሲገኝ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ስንት ያወጣል?» የሚል ነው። ጥያቄው ሳይመለስ ግን እጅ ወደ ጨርቅና ወደ ጥርስ ሳሙና ይሄዳል፤ ሳንቲሙም እስኪያብለጨልጭ ድረስ ይፈተጋል። ባለቤቱ ያስወገደው ቆሻሻ ይመስለዋል፤ ተፍቆ የሄደው ግን የሳንቲሙ ገጽ ነው፤ ከገጹም ጋር የዋጋው አብዛኛው ክፍል።

ስለ ሳንቲም ሰብሳቢነት የተሳሳቱ አስተያየቶች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ የሀብታሞች መዝናኛ ብቻ ያደርገዋል። አንዳንዱ ደግሞ አሮጌ ሳንቲም ያለው ሁሉ ሀብት ያለው ይመስለዋል። ለመጀመር የሚያስፈልገው ገንዘብ ኪስ ውስጥ ካለው ዝርዝር አይበልጥም። የሚያስፈልገው ዓይን ነው፤ ዓይንም በልምምድ ይሠለጥናል። ከዚህ በታች የምሞክረው ጀማሪ ሊጠይቃቸው የሚችሉትን ጥያቄዎች እያነሡ መመለስ ነው። ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳንቲም እንዴት ይሠራል?

ከዚህ የምጀምረው በምክንያት ነው። የሳንቲምን ደረጃ ማውጣትም ሆነ ሐሰተኛውን መለየት የሚነሣው አሠራሩን ከማወቅ ነው።

ደብዳቤ ላይ የሚመታ ማኅተምን ያስቡ። በማኅተሙ ላይ ጽሑፉ ተገልብጦ ተቀርጿል፤ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይቃናል። የሳንቲም ማኅተም ግን ሁለት ነው። ከጠንካራ አረብ ብረት የተሠሩ ሆነው አንዱ ከታች ይቀመጣል፣ አንዱ ከላይ ይወርዳል። በመካከላቸው ምንም ያልተጻፈበት ክብ ቁራጭ ይገባና በከባድ ኃይል ይመታል። ቁራጩ ወደ ጎን እንዳይሰፋ ዙሪያውን የሚይዘው ቀለበት አለ፤ በብዙ ሳንቲሞች ጠርዝ ላይ በጥፍር የሚዳሰሰው ጥርስ መሳይ መስመር የሚወጣው ከዚህ ቀለበት ነው።

ምቱ ባረፈበት ቅጽበት ብረቱ እንደ ሰም ለስልሶ ከመሐል ወደ ዳር ይፈስሳል። ፍሰቱም እጅግ ጥቃቅን የሆኑ፣ ዓይን ለይቶ የማያያቸው መስመሮችን ገጹ ላይ ይተዋል። አዲስ ሳንቲም ወስደው በአንድ መብራት ሥር ቀስ እያሉ ወዲያና ወዲህ ዘንበል ቢያደርጉት፣ የብርሃን ጨረር ከመሐል ተነሥቶ እንደ ጋሪ ጎማ ዘንግ ዙሪያውን ሲሽከረከር ያያሉ። ይህ ወዝ ይባል። ወዝ በምቱ ጊዜ አንዴ ይወለዳል፤ ከጠፋ በኋላ የትኛውም ውልወላ አይመልሰውም። በሰብሳቢዎች ዘንድ ያልተነካ ሳንቲም የሚከበረው በዚህ ነው።

ከየት ልጀምር?

ከኪስዎ። አንድ ሳንቲም ያውጡና አምስት ደቂቃ ብቻ ይመልከቱት። በየቀኑ እየሰጠን የምንቀበለውን ነገር ስንቶቻችን አይተነዋል? ምስሉ ወደ ቀኝ ነው የሚያየው ወይስ ወደ ግራ? ጽሑፉ የት ጀምሮ የት ያልቃል? ከምስሉ ሥር የቀራጩ ስም መነሻ ፊደል ይኖር ይሆን?

አያያዙን ከመጀመሪያው መልመድ ይሻላል፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጠርዙን ብቻ፣ ከታች ለስላሳ ጨርቅ ተነጥፎ። የጣት ላብና ቅባት ገጹ ላይ ይቀራል፤ ከጊዜ በኋላም የጣት አሻራ ሆኖ ብረቱ ውስጥ ይቀረጻል።

ሳንቲም ሁለት ብቻ ሳይሆን ሦስት ጎን አለው። የፊት ገጽ የሚባለው ብዙውን ጊዜ የገዥው ምስል ወይም የአገሩ አርማ ያለበት ነው። የጀርባ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውን ይይዛል። ሦስተኛው፣ ጀማሪ የሚረሳው ጠርዙ ነው። ሳንቲም ከወርቅና ከብር ይሠራ በነበረበት ዘመን ዋጋው በራሱ በብረቱ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ጠርዙን በትንሽ በትንሹ እየከረከሙ ፍርፋሪውን ማጠራቀምና ሳንቲሙን በሙሉ ዋጋው መልሶ ማውጣት የታወቀ ሌብነት ሆኖ ነበር። መድኃኒቱ ጠርዙ ላይ መጻፍ ሆነ፤ የተከረከመ ወዲያው ይታወቃልና። በ17ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ሳንቲሞች ጠርዝ ላይ «ጌጥና መጠበቂያ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ይታተም ነበር። ስለ ስበት ሕግ የምናውቀው አይዛክ ኒውተን ከ1696 ጀምሮ በለንደን የሳንቲም ማተሚያ ቤት ሹም ሆኖ ከነዚሁ ከርካሚዎችና አስመሳዮች ጋር ታግሏል።

አንድ ሌላ ትንሽ ነገር አለ፤ የማተሚያ ቤት ምልክት። የአንድ አገር ሳንቲም በተለያዩ ከተሞች ሲታተም የትኛው የት እንደ ታተመ የምትናገር አንዲት ፊደል ወይም ምልክት ትጨመራለች። በአሜሪካ ሳንቲሞች ላይ «ዲ» የሚለው የላቲን ፊደል ዴንቨርን፣ «ኤስ» ሳን ፍራንሲስኮን ያመለክታል። ለምሳሌ በ1909 የፕሬዚዳንት ሊንከን ምስል ያለበት የአንድ ሴንት ሳንቲም ሲወጣ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ታትሞ የቀራጩ ስም ሦስት መነሻ ፊደላት ከጀርባው ያሉበት 484,000 ብቻ ነው። በዚያው ዓመት በፊላደልፊያ የታተመው መንትያው በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ልዩነቱ ከዓመቱ ሥር ያለች አንዲት ፊደል ናት።

ምን ልሰብስብ?

አንድ ጥያቄ ይምረጡና ስብስቡ መልሱ ይሁን። ከየአገሩ አንድ አንድ ሳንቲም ማግኘት የሚያስደስተው አለ። እንስሳት ወይም መርከቦች ያሉባቸውን ብቻ የሚፈልግ አለ። የአንድ ገዥን ዘመን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መከተል ይቻላል። ዩሮ በዝርዝር መልክ ከወጣበት ከ2002 ወዲህ ለጀማሪ ምቹ መስክ ሆኗል፤ አንደኛው ገጽ በሁሉም አገሮች አንድ ዓይነት ሲሆን ሌላውን እያንዳንዱ አገር በራሱ ሥዕል ይሞላዋል። የስሕተት ሳንቲሞችን፣ ማለትም ማኅተሙ መሐሉን የሳተባቸውን ወይም የአንዱ ሳንቲም ፊት ከሌላው ጀርባ ጋር የተጋባባቸውን የሚያሳድዱም አሉ። በ2008 በእንግሊዝ የታተሙ የተወሰኑ የ20 ፔንስ ሳንቲሞች አዲሱ ጀርባ ከአሮጌው ፊት ጋር በመጋባቱ በየትኛውም ገጽ ላይ ዓመት ሳይኖራቸው ወጥተዋል።

እኔ ጠባቡን መንገድ እመርጣለሁ። ሁሉን የሚሰበስብ ሰው በመጨረሻ የሚኖረው ክምር ነው። አንድ መስክ ይዞ የቆየ ሰው ግን በዚያ መስክ ነጋዴው ያላየውን ያያል።

የተጻፈው ዓመት እውነቱን ይናገራል?

ሁልጊዜ አይደለም። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «በማን አቆጣጠር?» ነው። በታይላንድ ሳንቲም ላይ በታይ አኃዝ 2550 ተጽፎ ቢገኝ ከወደፊቱ የመጣ አይደለም፤ በቡድሃ ዘመን የተቆጠረ ነውና 543 ሲቀነስለት 2007 ይሆናል። የጃፓን ሳንቲሞች ዓመቱን የሚቆጥሩት ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መነሻ ነው፤ የሄይሴይ ዘመን 10ኛ ዓመት ማለት 1998 ነው። በሂጅራ የተጻፈውን ዓመት ለመገመት በ0.97 አባዝቶ 622 መደመር ይበቃል፤ በዚህ ስሌት 1400 ሂጅራ 1980 አካባቢ ይደርሳል። የኢትዮጵያ ሳንቲሞችም በራሳቸው አቆጣጠር፣ የቀደሙት ደግሞ በግዕዝ አኃዝ ስለሆኑ ስንት የውጭ አገር ሰብሳቢ ፲፱፻፴፮ን ለማንበብ ሲታገል ኖሯል። ለአማርኛ አንባቢ ይህ በር ገና ከመጀመሪያው የተከፈተ ነው።

ቁጥሩ ከተነበበም በኋላ ሌላ ወጥመድ አለ፤ የቆመ ዓመት። አሁን የጠቀስኩት ፲፱፻፴፮ ራሱ ምሳሌ ነው። ያ ዓመት የተጻፈባቸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሳንቲሞች ዓመቱ ካለፈ በኋላም ለብዙ ጊዜ ያው ቁጥር እንደ ተጻፈባቸው መታተማቸው ቀጥሏል።

የዚህ ታሪክ ትልቁ ምሳሌ ግን ጠገራ ብር፣ ማለትም የማሪያ ትሬዛ ብር ነው። አንዱን በእጅ ይዞ ማየት ትምህርት ነው። ወርዱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 28 ግራም ከትንሽ፣ ከሺህ እጁ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። በፊቱ ገጽ የኦስትሪያዋ ንግሥት ወደ ቀኝ ትመለከታለች፤ በራሷ ላይ መጎናጸፊያና በዕንቍ ያጌጠ ጌጥ፣ በትከሻዋ ላይ ደግሞ ልብሷን የያዘ የደረት ጌጥ አለ። ከሥሯ «ኤስ ኤፍ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። በጀርባው ባለ ሁለት ራስ ንስር ክንፉን ዘርግቷል። ጠርዙን ቢያዞሩት ደግሞ «ፍትሕና ምሕረት» የሚለው የንግሥቲቱ መሪ ቃል በላቲን ከፍ ከፍ ባሉ ፊደላት ተጽፎ ያገኙታል። ዓመቱ 1780 ነው። ሁልጊዜም 1780 ነው።

ንግሥቲቱ ያረፈችው በዚያ ዓመት በኅዳር ወር ነበር። ነገር ግን በቀይ ባሕር ዙሪያ፣ በአረቢያና በኢትዮጵያ ያሉ ነጋዴዎች ያንን ፊት አምነውታል፤ ሌላ ፊት ወይም ሌላ ዓመት ያለበትን አንቀበልም አሉ። ስለዚህ ቪየና የሞተችውን ንግሥት ሳንቲም ማተሙን ቀጠለች። በኋላ ሮም፣ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይም አትመውታል፤ የሮም ከ1935 ወዲህ የሆነው ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ ማኅተሞቹን ከኦስትሪያ ስላገኘ ነው። እነዚያ ሁለት የላቲን ፊደላት በ18ኛው መቶ ዓመት የነበሩ የሁለት የማተሚያ ቤት ሹማምንት ስም መነሻ ሲሆኑ፣ ሹማምንቱ ካለፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም እየተቀዱ ታትመዋል።

እንግዲህ «የ1780 ሳንቲም አለኝ» የሚል ሰው በእጁ የያዘው የ20ኛው መቶ ዓመት ሥራ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ነው። ባለሙያዎች የትኛው የት እንደ ታተመ የሚለዩት የደረት ጌጡን ዕንቍዎች በመቁጠር፣ የንስሩን የጅራት ላባዎች ቅርጽ በማነጻጸርና የጠርዙን ጌጥ በመመርመር ነው። ዕንቍ መቁጠሩ አዲስ ጥበብ አይደለም፤ በገበያ ላይ ብሩን የሚቀበሉ ሰዎችም ዕንቍዎቹ ጥርት ብለው መታየታቸውን ሳያረጋግጡ አይቀበሉም ነበር።

የቆየ ሁሉ ውድ ነው?

አይደለም፤ ይህ ስሕተት ከሁሉም ይበልጥ ሰውን ያሳዝናል። ሦስት ሳንቲሞችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

የመጀመሪያው በ4ኛው መቶ ዓመት በሮማው ንጉሠ ነገሥት በቆስጠንጢኖስ ዘመን የታተመ ትንሽ የነሐስ ሳንቲም ነው። ዕድሜው 1,700 ዓመት ገደማ ነው። ሆኖም በልዩ ልዩ ከተሞች እጅግ በብዛት ታትሞ፣ በማሰሮ እየተቀበረ እስከ ዛሬ ስለሚገኝ በጀማሪ አቅም የሚገዛ ነው። ሁለተኛው በ2009 በእንግሊዝ የኪው የዕፅዋት ማዕከል 250ኛ ዓመት መታሰቢያ ሆኖ የወጣው 50 ፔንስ ነው። እንደ ማንኛውም ዝርዝር ገንዘብ ወደ ገበያ ገባ፤ የታተመው ግን 210,000 ብቻ ስለነበር ከተጻፈበት ዋጋ እጅግ በላይ የሚፈለግ ሆነ። ሦስተኛው የ1933 የአሜሪካ የ20 ዶላር ወርቅ ነው። 445,500 ታትሞ ነበር፤ ነገር ግን ያን ጊዜ መንግሥት ወርቅን ከዝውውር እያስወጣ ስለነበር ለሕዝብ ሳይሰጥ እንዲቀልጥ ተደረገ። ሾልከው ከወጡት ጥቂቶች መካከል በግለሰብ እጅ እንዲቆይ በሕግ የተፈቀደለት አንድ በ2021 በጨረታ 18.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

ከሦስቱ ትልቁን ዕድሜ የያዘው ርካሹ ነው። ዋጋ የሚወጣው ስንት ተርፏል፣ ስንት ሰው ይፈልገዋል፣ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል ከሚሉት ጥያቄዎች ነው። «ስንት ታትሟል» እና «ስንት ተርፏል» የተለያዩ መሆናቸውን የ1933ቱ ወርቅ በግልጽ ያሳያል። ከዚህ በተረፈ የወርቅና የብር ሳንቲም ከብረቱ ዋጋ በታች ስለማይወርድ፣ ሰብሳቢ ባይፈልገው እንኳ ክብደቱ ዋጋ አለው።

ለምን አይታጠብም?

ብር በአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። መዳብ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ቡናማ ይሆናል፤ እርጥበት ውስጥ ሲቆይ ደግሞ አረንጓዴ ያወጣል። ይህ ሽፋን በጊዜ ብዛት ራሱ ብረቱ የለወጠው ቆዳ ነው። ቆዳው ሲገፈፍ የላይኛው ብረት አብሮ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ላይ ያልነው ወዝ፣ እነዚያ ጥቃቅን የፍሰት መስመሮች የሚኖሩት ደግሞ በዚሁ የላይኛው ብረት ላይ ነው።

በሎሚ የታጠበ የመዳብ ሳንቲም በአጉሊ መነጽር ተመልክቼ ነበር። ቀለሙ የተላጠ ቁስል የመሰለ ሮዝ ነው፤ መዳብ በተፈጥሮው እንዲህ ሆኖ አይቆይም። ባዶው ገጽ ላይ ጨርቁ የሄደበት አቅጣጫ በመቶ በሚቆጠሩ ቀጫጭን ጭረቶች ተጽፏል። በፊደላቱ ጥግ ጨርቁ ያልደረሰበት ጥቁር ቀርቷል። በዓይን ብቻ ሲታይ ሳንቲሙ አዲስ ይመስላል፤ የሠለጠነ ዓይን ግን በአንድ ጊዜ ያውቀዋል፤ ብርሃን ሲያርፍበት አይሽከረከርምና። እንዲህ ያለውን ሳንቲም ማዳን አይቻልም። ስለዚህ አጥብቄ እላለሁ፤ ምን ማድረግ እንዳለብዎ እስኪያውቁ ድረስ ምንም አያድርጉ።

የላላ አፈር በተጣራ ውኃ ነክሮ ማራገፍና ሳይፈትጉ በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያሉ ማድረቅ ብዙ ጊዜ ጉዳት የለውም። ቅባትና ፕላስቲክ የተወው ሙጫ ካለ ሰብሳቢዎች ንጹሕ አሴቶን ይጠቀማሉ፤ ከብረቱ ጋር ሳይዋሐድ ቅባቱን ብቻ ያሟሟል። አሴቶን በቀላሉ እሳት የሚይዝ ስለሆነ ነፋስ ባለበትና ከእሳት በራቀ ቦታ ብቻ። አንድ ነገር ግን ዝም ተብሎ አይታለፍም። በነሐስ ሳንቲም ላይ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ከታየ፣ ከተራገፈ በኋላም ተመልሶ ከመጣ፣ ሰብሳቢዎች «የነሐስ በሽታ» የሚሉት ነው። ክሎራይድና እርጥበት ተባብረው ብረቱን ከውስጥ ይበሉታል። ሳንቲሙን ከሌሎቹ ለይቶ ደረቅ ቦታ ማኖርና የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ማማከር ይገባል።

«ደረጃ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ደረጃ ሳንቲሙ ምን ያህል እንደ ተገለገሉበት የሚናገር መለኪያ ነው። ድካም የሚጀምረው ከፍ ካለው ቦታ ነው፤ የጉንጭ አጥንት፣ የጆሮ ጫፍ፣ የአንበሳ ጋማ። ተራራ በዝናብ ሲታጠብ ጫፉ ቀድሞ እንደሚሄድ ሁሉ። የፀጉሩ መስመር አንድ በአንድ ይታያል? ተያይዟል? ወይስ ከነጭራሹ ለስልሷል? ደረጃ ማውጣት በመሠረቱ ይህን መጠየቅ ነው።

በስፋት የሚሠራበት መለኪያ ከ1 እስከ 70 የሚሄድ ሲሆን፣ መነሻውን በ1949 ያወጣው አሜሪካዊው ዊሊያም ሼልደን ነው። 1 ምንነቱ ብቻ የሚታወቅ፣ 70 በአጉሊ መነጽር እንኳ እንከን የማይገኝለት። ከ60 ጀምሮ ያሉት ሁሉ ምንም ያልተገለገሉባቸው ናቸው። ከ1986 እና ከ1987 ጀምሮ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ የተባሉ የአሜሪካ ድርጅቶች ሳንቲም መርምረው፣ ደረጃ ሰጥተው፣ በታሸገ ፕላስቲክ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ለውድ ሳንቲም ይረዳል፤ ለተራው ግን የአገልግሎቱ ክፍያ ከሳንቲሙ ሊበልጥ ይችላል። ማሸጊያው ራሱም በአስመሳዮች ይሠራልና ቁጥሩን በድርጅቱ መዝገብ ማመሳከር ያስፈልጋል።

ብዙ ጊዜ ከደረጃ ጋር የሚምታታው «ፕሩፍ» ነው። ፕሩፍ የአሠራር ስም ነው፤ በተወለወለ ማኅተም ከአንድ ጊዜ በላይ ተመትቶ ገጹ እንደ መስታወት የሚሆን፣ ለሰብሳቢ ተብሎ የሚሠራ።

ሐሰተኛውን በምን ልለየው?

በሦስት ርካሽ መሣሪያዎች ብዙ ርቀት ይኬዳል፤ እስከ መቶኛ ግራም የሚለካ ሚዛን፣ ማግኔት፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር። የታወቀ ሳንቲም ሁሉ የታወቀ ክብደትና ወርድ አለው። ጠገራ ብር 28.07 ግራም ካልመዘነ ወይም በጣም ካልተጠጋ ጥያቄ ይነሣል። ወርቅ፣ ብርና መዳብ በማግኔት አይሳቡም።

የማግኔት ነገር በአንድ ታሪክ ይገለጻል። በ1943 አሜሪካ መዳቧን ለጦርነቱ ስለፈለገችው የአንድ ሴንት ሳንቲሟን ዚንክ በተቀባ አረብ ብረት አሳተመች። በስሕተት ግን ጥቂት የቀድሞ የመዳብ ቁራጮች በማሽኑ ቀርተው በ1943 ማኅተም ተመቱ። ዛሬ በጣም የሚፈለጉ ናቸው፤ ስለዚህም ብዙ ተመሳስሎባቸዋል። ተራውን የብረት ሳንቲም መዳብ የሚቀቡት አሉ፤ ማግኔት ወዲያው ያጋልጣቸዋል። በ1948 የታተመውን የመዳብ ሳንቲም ወስደው 8ን ፍቀው 3 የሚያስመስሉ ደግሞ አሉ። እነዚህ ማግኔቱንም ሚዛኑንም ያልፋሉ፤ ያን ጊዜ መነጽሩን አንሥቶ የ3ን ቅርጽ ከእውነተኛው የ1943 ቁጥር ጋር ማስተያየት ብቻ ይቀራል።

በማኅተም ሳይመታ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ ሳንቲም ፊደሎቹ ሳሙና የነካቸው ያህል የደነዙ ናቸው፤ ገጹ ላይ ጥቃቅን የአየር ጉድጓዶች፣ ጠርዙ ዙሪያ የመገጣጠሚያ መስመር ሊታይ ይችላል። ወርቅ ከሆነ ክብደትና ወርድ ብቻ አይበቃም፤ ተንግስተን የተባለው ብረት ጥግግቱ ከወርቅ ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ በወርቅ ሸፍነው ያሳልፉታል። እንዲህ ያለውን ከታወቀና ተመላሽ ከሚቀበል ነጋዴ ብቻ መግዛት ይሻላል። ገና በመማር ላይ ያለ ሰው ከሳንቲም በፊት የመስኩን ማውጫ መጽሐፍ ቢገዛ የመጀመሪያው ማታለል ሳይደርስበት ወጪውን ይመልስለታል።

የት ላስቀምጠው?

ደረቅ፣ የሙቀቱ ልክ በማይዋዥቅ ቦታ። ለስላሳ ሆኖ ኃይለኛ የፕላስቲክ ሽታ ያለው ኪስ ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ከጊዜ በኋላ እየፈረሰ አረንጓዴ ሙጫ ሳንቲሙ ላይ ይተዋል። ማይላር የሚባለው ጠጣር ፕላስቲክ ደኅና ነው። የላስቲክ ማሰሪያና ተራ ፖስታ ድኝ ሊኖርባቸው ስለሚችል ብርን ያጠቁራሉ። ሳንቲሞችን አንድ ላይ በማሰሮ ማኖር ደግሞ እርስ በርስ እንዲፋጩ መተው ነው።

ከመሬት የወጣ ሳንቲምስ?

ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። ሳንቲም ያለ ቦታው ግማሽ ምስክር ነው። በ2010 በእንግሊዝ ፍሮም በተባለ ስፍራ አንድ ሰው በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ሲያስስ የማሰሮ አፍ አገኘ። ቆፍሮ ማውጣቱን ትቶ የመሬት ቁፋሮ ባለሙያዎችን ጠራ። ማሰሮው 52,503 የሮማ ሳንቲሞችን ይዞ ነበር። ባለሙያዎቹ ከላይ ወደ ታች በንብርብር እየለዩ ስላወጧቸው፣ ከሳንቲሞቹ ሁሉ የኋለኞቹ የሆኑት ከማሰሮው ወገብ በታች ተገኙ። አንድ ሰው በየዓመቱ እየጨመረ ያጠራቀመው ቢሆን ኖሮ የኋለኞቹ ከላይ ይሆኑ ነበር። እንግዲያስ በአንድ ጊዜ ተሞልቶ ተቀብሯል። ያ ሰው በዚያ ቀን ሳንቲሞቹን በከረጢት ዘግኖ ቢሄድ ኖሮ ሳንቲሞቹ ይተርፉ ነበር፤ ይህ ዕውቀት ግን ለዘላለም ይጠፋ ነበር።

የአክሱምም ነገር ከዚህ አይለይም። ከአክሱም ነገሥታት መካከል ስማቸው የተረፈልን በሳንቲሞቻቸው ብቻ የሆነ አሉ። የንጉሥ ዒዛና ሳንቲሞች መጀመሪያ ጨረቃና ክብ ይዘው፣ በኋላ በመስቀል ተተክተው መገኘታቸው በ4ኛው መቶ ዓመት የሆነውን የሃይማኖት ለውጥ በብረት ላይ ያሳያል። እንዲህ ያለ ሳንቲም ከየት ጉድጓድ፣ ከምን ጋር እንደ ወጣ ሳይታወቅ እጅ በእጅ ሲዞር ሊናገር ከሚችለው አብዛኛውን ያጣል። የብዙ አገሮች ሕግ ጥንታዊ ሳንቲምን ቅርስ አድርጎ ይጠብቃል፤ ያለ ፈቃድ ቆፍሮ ማውጣትን፣ መሸጥንና ከአገር ማስወጣትን ይከለክላል። በ1970 የወጣው የዩኔስኮ ስምምነትም የቅርስን ሕገ ወጥ ዝውውር ለመግታት የተደረገ ነው። ጥንታዊ ሳንቲም ሲቀርብልዎ ከየት እንደ መጣ የሚያሳይ ሰነድ ይጠይቁ፤ ሰነድ ከሌለ አይግዙ።

ለራስዎም እንዲሁ ያድርጉ። ከእያንዳንዱ ሳንቲም ጋር አንዲት ትንሽ ካርድ ትቀመጥ፤ የተጻፈበት ዓመትና አቆጣጠሩ፣ ክብደቱ በራስዎ ሚዛን፣ የማተሚያ ቤት ምልክቱ፣ ከማን፣ መቼና በስንት እንዳገኙት። ሳይገዙ በስጦታ የመጣም ከሆነ የሰጪው ስም ይጻፍ።